የትምህርት ቤቱን ካላንደር የቤት ካላንደር ማድረግ፦ ለጅማ ወላጆች

«ትምህርት የሚዘጋው መቼ ነው?»

ጥር ሲገባ ይህን ያልጠየቀኝ የሰፈር ሰው የለም። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ ይጠይቁኛል። አጎቴ ከአጋሮ ይደውላል። ልጆቹን የሚያመላልሰው ባጃጅ እንኳን ይጠይቀኛል፤ እሱስ የገበያው ነገር ሆኖበት ነው። ሰው ሁሉ እኔ ላይ የሚመጣው ሦስት ልጆቼ በሁለት ትምህርት ቤት ስለሚማሩና ፍሪጁ ላይ አንድ ትልቅ ካላንደር ስለለጠፍኩ ነው። ለእያንዳንዱ ከመመለስ አሠራሩን ልጻፈውና እናንተም ፍሪጃችሁ ላይ ለጥፉ። ለምሳሌ የምጠቀመው የ2019ን ቀኖች ነው። ለሌላ ዓመትም አሠራሩ ያው ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእያንዳንዱ ልጅ ትምህርት ቤት ካላንደር (ወረቀቱ ወይም በስልክ የተነሳ ፎቶ)
- የኢትዮጵያና የፈረንጅ ቀን ጎን ለጎን ያለበት የግድግዳ ካላንደር። ባንኮች የሚሰጡት ይበቃል፤ ግን ከጃንዋሪ የሚጀምር ከሆነ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ይጎድላችኋል።
- አንድ ሰፊ ካርቶን ወይም አራት ኤፎር ወረቀት በፕላስተር የተያያዘ
- ሰማያዊና ቀይ እስክሪፕቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ
- አንድ ሰዓት የሚሆን ጸጥ ያለ ጊዜ። ልጆቹ ሲተኙ ይሻላል።

ከሁሉም ዋናው እርሳሱ ነው። ለምን እንደሆነ 5ኛው ደረጃ ላይ ታዩታላችሁ።

1. ወረቀቱን እጃችሁ አስገቡ

የግል ትምህርት ቤት ከሆነ ካላንደሩ ብዙ ጊዜ ከምዝገባ ወረቀቱ ጋር ወይም በመጀመሪያው የወላጅ ስብሰባ ይሰጣል። የመንግሥት ከሆነ ለእያንዳንዱ ወላጅ ላይታደል ይችላል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፋል። ሄዳችሁ ፎቶ አንሱት። «ልጄ ይነግረኛል» አትበሉ። ልጅ የሚነግራችሁ የሚዘጋበትን ቀን ብቻ ነው፤ የሚከፈትበትን አይነግርም።

ወረቀቱ ላይ የሌለውን ደግሞ የክፍሉን ኃላፊ መምህር ጠይቁ። አምስት ጥያቄ ነው፦

- በሩ የሚከፈትበትና ትምህርት የሚጀመርበት ቀን አንድ ነው? የመጀመሪያዎቹ ቀኖች በጽዳትና በሴክሽን ድልድል ሊያልቁ ይችላሉ።
- ሚድ እና ፋይናል በየትኛው ሳምንት ናቸው?
- የሴሚስተር እረፍቱ መጨረሻ መቼ ነው? የመጀመሪያውን ሳይሆን የመጨረሻውን።
- ለተዘጉ ቀኖች የቅዳሜ ማካካሻ አለ?
- ካርድ የሚሰጠው መቼ ነው? ወላጅ ራሱ መምጣት አለበት?

አምስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳል። ካርድ ለወላጅ ብቻ በሚሰጥበት ትምህርት ቤት ያን ቀን እናንተ አዲስ አበባ ከሆናችሁ፣ ልጁ ውጤቱን ሳያይ ሁለተኛውን ሴሚስተር ይጀምራል።

ስለ ጅማ አንድ ነገር። ማስታወቂያው በአፋን ኦሮሞ ከሆነ የወሩን ስም አጣሩ። አማጂ ጥር ነው፣ ወጠበጂ ሰኔ ነው። ቋንቋውን በደንብ የሚናገር ሰው እንኳን የወር ስም ላይ ሲደናገር አይቻለሁ፤ ጠይቆ መጻፍ ነውር የለውም።

2. ሁሉንም ቀን ወደ አንድ አቆጣጠር ቀይሩ

ይህን ደረጃ አንድ ዓመት ዘልዬው ዋጋ ከፍያለሁ። ከልጆቼ የአንዷ ትምህርት ቤት የሴሚስተሩን እረፍት በኮሙኒኬሽን ቡክ ሲያሳውቅ «ትምህርት የሚጀመረው ፌብሩዋሪ 2 ነው» ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ገጠር አያቷ ጋ ነበረች። እኔ ደግሞ በስልክ «የካቲት 2 ነው» አልኳቸው። ፌብሩዋሪ 2 ግን ጥር 25 ነው። ልጅቷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ የተመለሰችው ትምህርት ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ ነው። እሷ ደስ ብሏታል። የመጀመሪያው ኩዊዝ ግን አምልጧታል።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ብቻ ነው። ለመቀየር የየወሩን 1 ማወቅ ይበቃል። በ2019 እንዲህ ነው፦

መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9፣ ሰኔ 1 ጁን 8።

ከዚያ መቁጠር ነው። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ስታዩ (5/6 ዓይነት) በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳትጠይቁ አትገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ 2019 ጳጉሜን 6 አላት። በዚህ የተነሳ 2020 የሚገባው ሴፕቴምበር 12 ሲሆን እስከ የካቲት ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ይገፋል። ገናም በ2020 ታኅሣሥ 28 ይሆናል። የዘንድሮውን ዝርዝር ለከርሞ አትገልብጡት።

3. የሳምንቱን ቀን አውጡ

በዓሉ መቼ እንደሆነ ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው። ሰኞ ነው ወይስ እሁድ? እሁድ ከዋለ ለልጁ ተጨማሪ እረፍት የለም፤ ቅዳሜና እሁድ የዋለ በዓል በእኛ አገር ልማድ በሰኞ አይተካም። ሐሙስ ከዋለ ደግሞ ልጁ ዓርብን ይመኛል።

ስልክ ሳትነኩ ለማውጣት ይህን ያዙ። ከጳጉሜን በቀር ወሮቻችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ የወሩ 1 በየወሩ ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል። መስከረም 1 ቀን 2019 ዓርብ ነው። ስለዚህ ጥቅምት 1 እሁድ፣ ኅዳር 1 ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1 ሐሙስ፣ ጥር 1 ቅዳሜ፣ የካቲት 1 ሰኞ፣ መጋቢት 1 ረቡዕ። ሚያዝያ 1 ተመልሶ ዓርብ ይሆናል፤ መስከረምና ሚያዝያ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ነው የሚጀምሩት። ግንቦት እንደ ጥቅምት፣ ሰኔ እንደ ኅዳር።

ይህንን ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው። የኔ ትልቁ ልጅ አሁን ከኔ ይፈጥናል፤ ካርቶኑን በየዓመቱ የሚያሰምረው እሱ ነው።

4. የማይንቀሳቀሱትን በሰማያዊ እስክሪፕቶ ጻፉ

በ2019 እንዲህ ይውላሉ፦

- መስቀል፣ መስከረም 17፦ እሁድ
- ገና፣ ታኅሣሥ 29፦ ሐሙስ
- ጥምቀት፣ ጥር 11፦ ማክሰኞ
- ዐድዋ፣ የካቲት 23፦ ማክሰኞ
- የሠራተኞች ቀን፣ ሚያዝያ 23፦ ቅዳሜ
- የአርበኞች ቀን፣ ሚያዝያ 27፦ ረቡዕ

እስክሪፕቶ የሆነበት ምክንያት እነዚህ ስለማይሰረዙ ነው። በእነዚህ ላይ ተማምናችሁ ፕሮግራም መያዝ ትችላላችሁ።

ጥምቀት ላይ ቆም በሉ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ጥር 12 ሚካኤል ነው። ብዙ ቤት ሦስቱንም ቀን ዝግ አድርጎ ይቆጥራል። በሕግ በዓል የሆነው 11 ብቻ ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፋይናል ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። ትምህርት ቤቱ 12ን ክፍት ካደረገና ፈተና ካለ፣ «ታቦት ሸኝተን ነው» ማለት ውጤት አይሆንም። ጠይቁና 10ንና 12ን በየራሳቸው ምልክት አድርጉ።

ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ሲቃረብ ብዙ ትምህርት ቤት የባህል ልብስ ለብሳችሁ ኑ ይላል። ከሁለት ሳምንት በፊት «ልብስ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዋዜማው ማታ መርካቶ ስትንከራተቱ እንዳትገኙ።

5. የሚንቀሳቀሱትን በእርሳስ ጻፉ

እዚህ ውስጥ ሁለት ዓይነት አለ።

ትንሣኤ ይንቀሳቀሳል፣ ግን በባሕረ ሐሳብ ከዓመታት በፊት ይታወቃል። ከመጋቢት 26 በፊት አይመጣም፣ ከሚያዝያ 30 አያልፍም። በ2019 ሚያዝያ 24 ነው፤ ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 22። አንድ ጊዜ ካጣራችሁ በኋላ በእስክሪፕቶ ልትደግሙት ትችላላችሁ።

ኢድ ግን እስከ ዋዜማው ምሽት እርሳስ ነው። የሚወሰነው ጨረቃ ስትታይ ነው። በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ወደኋላ ይመጣል። በ2019 ረመዳን የካቲት 1 አካባቢ ይገባል። ኢድ አልፈጥር የካቲት 30 ወይም መጋቢት 1፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ነው። አረፋ ግንቦት 8 ወይም 9፣ እሁድ ወይም ሰኞ። ሁልጊዜ ሁለቱንም ቀን ክበቡ። አንዱን ብቻ ከጻፋችሁ አእምሯችሁ እሱን የተቆረጠ አድርጎ ይይዘዋል፣ ቀጠሮ ትይዙበታላችሁ፣ ከዚያ ጨረቃዋ ሳትታይ ትቀራለች።

ጅማ ውስጥ ይህ የሙስሊም ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢድ ቀን ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ የቤት ሠራተኛዋ ቤተሰቧ ጋ ትሄዳለች፣ ባጃጁ አይመጣም። ሁሉም ቤት መጻፍ አለበት።

ረመዳን የሚጾም ልጅ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪ ከሆነ፣ ከወሩ በፊት ትምህርት ቤቱን ስለ መውጫ ሰዓት አነጋግሩ። በ2019 ሁለተኛው ሴሚስተርና ረመዳን ጎን ለጎን ስለሚገቡ ጥር ውስጥ መጠየቅ ይሻላል።

አሁን የሚያዝያን መጨረሻ ተመልከቱ። ዓርብ 22 ስቅለት፣ ቅዳሜ 23 የሠራተኞች ቀን፣ እሁድ 24 ትንሣኤ፣ ረቡዕ 27 የአርበኞች ቀን። ሰው ይህንን ሲያይ «ሳምንቱ አለቀ በቃ!» ይላል። አላለቀም። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ዓርብ ትምህርት አለ። ሰኞ 25ን ደግሞ ጠይቁ፤ አንዳንዱ ይዘጋል፣ አንዳንዱ ያስተምራል። ግማሽ ክፍል ቀረ ሳይል መምህሩ ካስተማረ፣ የቀረው ልጅ ሚያዝያ ላይ የሳተውን ሰኔ ላይ ይፈተነዋል።

6. የሴሚስተሩን እረፍት በቀይ አጥሩ

ቤተሰብ አብሮ የሚንቀሳቀስበት የዓመቱ ትልቁ ክፍተት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ከጥር መጨረሻ እስከ የካቲት መጀመሪያ ባለው ውስጥ ነው። የሚኖረው መምህራን የፋይናል ወረቀት እንዲያርሙና ማርክ እንዲሞሉ ስለሆነ የሚጀምረው ፈተና ሲያልቅ ነው።

ችግሩ ያለው «ፈተና ሲያልቅ» የምትለዋ ላይ ነው። ልጅ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሶ እየሮጠ ይመጣና «ተዘጋ!» ይላል። ለእሱ ፈተና አለቀ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ከዚያ በኋላ ወረቀት የሚያሳይበትና ማርክ የሚያስተካክልበት አንድ ሁለት ቀን ሊኖረው ይችላል። በእነዚህ ቀኖች ያልተገኘ ልጅ የተሳሳተ ድምር ቢኖር የሚናገርለት የለም። አንድ ጊዜ ከ78 ወደ 87 የተስተካከለ ማርክ ቤቴ ገብቷል፤ ልጁ ወረቀቱን በዓይኑ ስላየ ብቻ።

ስለዚህ በቀይ ሦስት መስመር አስምሩ፦ የመጨረሻው ፈተና፣ ወረቀት የሚታይበት የመጨረሻ ቀን፣ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን። ጉዞ የሚታሰበው በሁለተኛውና በሦስተኛው መስመር መሐል ብቻ ነው።

7. የሁለቱን ትምህርት ቤት አንዱን በሌላው ላይ ደርቡ

ልጆቻችሁ አንድ ቦታ የሚማሩ ከሆነ ይህን ዝለሉት።

የአንዱ ልጅ እረፍት ዓርብ ጀምሮ የሌላው በሚቀጥለው ረቡዕ ሊጀምር ይችላል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር ስጡና እረፍቱን በቀለም ሙሉ። ቀለሞቹ የተደራረቡበት ቦታ የእናንተ እውነተኛ እረፍት ነው። አሥር ቀን የመሰላችሁ እረፍት አራት ቀን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያሳዝናል፣ ግን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ማወቁ ይሻላል።

ከቤት ውስጥ አንድ ሰው ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወይም የሚማር ካለ ለእሱም መስመር ስጡት። የዩኒቨርሲቲው ካላንደር የራሱ ነው፣ የልጆቹን አይከተልም። ያልተደራረቡትን ቀኖች ደግሞ «ማን ይይዛቸዋል?» ብላችሁ ዛሬውኑ ስም ጻፉባቸው፦ አክስት፣ ጎረቤት፣ ትልቋ ልጅ። ስም ያልተጻፈበት ቀን እናት ላይ ነው የሚወድቀው።

8. ጉዞውን ከመመለሻው ጀምራችሁ ቁጠሩ

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊቤ በረሃን ወርዶ መውጣትም አለ። ለልጅ ሙሉ ቀን ነው። ትምህርት ሰኞ ከተጀመረ እሁድ ማታ ቤት የገባ ልጅ ሰኞ ክፍል ውስጥ ይተኛል። መመለሻውን ቅዳሜ አድርጉ። ከዚያ ወደኋላ ቁጠሩ።

የመሄጃውን ትኬት ብቻ ቆርጦ መሄድ የጅማ ሰው የታወቀ ስህተት ነው። የበዓል ማግስት ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ስለሚመለስ መናኸሪያው ይጨናነቃል። መመለሻውን እዚያ በደረሳችሁ ቀን ያዙ። ከመስቀል በኋላ ወደ አዲስ አበባ ወይም ቢሾፍቱ የምትሄዱ ከሆነ የኢሬቻን ቅዳሜና እሁድ አጣሩ፤ መንገዱ በጣም ይጨናነቃል።

ለአጋሮና ለሊሙ ዓይነት ቅርብ ቦታ ነገሩ ቀላል ነው፤ አባዱላ አይጠፋም። እዚያ ያለው አደጋ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ለቀማ ነው። ዘመድ «ልጆቹን ሁለት ቀን ላኩልኝ» ይላል። ሁለት ቀን ሳምንት ይሆናል። ያ ጊዜ ደግሞ ሚድ የሚሰጥበት ነው። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ብላችሁ ካላንደሩ ላይ ጻፉና ለዘመዱም ቀኑን ቆርጣችሁ ንገሩት።

9. ክረምቱንና ገንዘቡን አንድ ላይ ጻፉ

ሐምሌና ነሐሴ ረጅም ናቸው፣ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ልጅ ከቤት አያስወጣም። የክረምት ትምህርት፣ ቁርአን ቤት ወይም የሰንበት ትምህርት የምታስገቡ ከሆነ ምዝገባው ሰኔ ውስጥ ስለሚሆን ሰኔ ላይ ምልክት አድርጉ።

የ6ኛ፣ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ሌሎቹ ሲዘጉ አይዘጋም። የእነሱ ፈተና ቀን ለብቻው ይነገራል። የ12ኛው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ሊፈተን ስለሚችል ፈተናው እስኪያልቅ የሰርግም የጉዞም ቃል አትግቡ።

ገንዘቡን ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የምዝገባ፣ የዩኒፎርም፣ የደብተርና የዘመን መለወጫ ወጪ ሁሉ ነሐሴና መስከረም ላይ ይከመራል። ከቡና ጋር የተያያዘ ቤት ግን ብር የሚያየው ከኅዳር በኋላ ነው። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ «የነሐሴ ዩኒፎርም» ብላችሁ በቀይ ጻፉና ያኔውኑ ለብቻው አስቀምጡ። ታኅሣሥ ላይ ሞኝነት ይመስላል። ነሐሴ ላይ ግን ከማንም አትበደሩም።

ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው

*ያምናውን ካላንደር መጠቀም።* ኢድና ትንሣኤ ቦታ ይቀይራሉ፣ የሳምንቱ ቀን ሁሉ ይንሸራተታል።

*ማካካሻ ቅዳሜን አለመጻፍ።* በእኔ ግምት ልጅ ሳያውቅ የሚቀረው ከሁሉም በላይ በዚህ ነው። በዓል በረዘመ ቁጥር ቅዳሜ ይመጣል ብላችሁ ጠብቁ።

*ከወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ መረጃ መውሰድ።* ግሩፑ ላይ «ነገ ዝግ ነው» የሚለው ሰው የሌላ ክፍል ወላጅ ሊሆን ይችላል። ኬጂ ተዘግቶ 5ኛ ክፍል ይማራል። ለትምህርት ቤቱ ደውሉ።

*የተቀየረውን ደምስሶ መጻፍ።* ትምህርት ቤቱ ቀን ሲቀይር የድሮውን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አታጥፉት፤ ጎኑ ላይ ማን መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። ባልና ሚስት «አንተ ነህ ያልከኝ፣ አንቺ ነሽ ያልሺኝ» የሚባባሉት እዚህ ላይ ነው።

ካርቶኑ ሲያልቅ ፎቶ አንስታችሁ ልጆቹ ለሚሄዱባቸው ዘመዶች ላኩ። ለአያት ግን ፎቶ አይበቃም፤ በስልኩ ላይ ጽሑፉ ትንንሽ ነው። ደውሉና የመመለሻውን ቀን ሁለት ጊዜ አስደግሟቸው፣ የሳምንቱን ቀን ጨምራችሁ። «ጥር 25፣ ማክሰኞ» ካሏችሁ ስልኩን መዝጋት ትችላላችሁ።